ዱንጉር የማን ቤት ነበር? ስለ አክሱም ዘመን «ቪላዎች» አጠራርና አጠናን

በላስ ቬጋስ ከተማ ሜሪላንድ ፓርክዌይ በተባለው ጎዳና፣ ከኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ብዙም ሳይርቅ፣ ወገኖቻችን ለቡና በሚገናኙበት አንድ ቤት ግድግዳ ላይ የዱንጉር ፍርስራሽ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ እናያለን። ከሥሩ «የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት» የሚል ጽሑፍ ሰፍሯል። ከዚያው ጎዳና ወደ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ለተጓዘ ሰው ደግሞ በ1966 የተከፈተው ሲዘርስ ፓላስ፣ ማለትም «የቄሣሮች ቤተ መንግሥት» የተባለው ሆቴል፣ በሮማውያን አምሳል ከተሠሩ ዓምዶቹና ሐውልቶቹ ጋር ቆሞ ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) አንዱ ቄሣር ረግጦት የማያውቅ የቄሣር ቤት ነው፤ ሁለተኛው፣ ከዚህ በታች እንደምናሳየው፣ ንግሥቲቱ ያልኖረችበት የንግሥት ቤት ነው። ሆቴሉ ለመዝናኛ የተሠራ በመሆኑ በስሙ ማንንም አያታልልም። ዱንጉር ግን የታሪካችን ምስክር ነውና ስሙንና አጠናኑን መመርመር ይገባናል።

ዱንጉር የሚገኘው በአክሱም ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ አጠገብ ነው። በ1952 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮጵያ የአርኪዮሎጂ ተቋም በፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ መሪነት በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ቆፍሮ አወጣው። ወደ 3,000 ካሬ ሜትር በሚሆን ቦታ ላይ ያረፈ፣ ከአርባ በላይ ክፍሎች ያሉት ሰፊ ግቢ ነው። መካከለኛው ሕንጻ በደረጃ እየጠበበ በሚወጣ የድንጋይ መሠረት ላይ ከፍ ብሎ ተሠርቷል፤ ግድግዳዎቹም በአክሱማውያን የግንባታ ልማድ ገባ ወጣ እያሉ የተካቡ ናቸው። ዙሪያውን ግቢዎችና የጎን ክፍሎች ከበውታል። አብዛኞቹ ሊቃውንት ዘመኑን ወደ 6ኛው ክፍለ ዘመን ዓመተ ምሕረት ያስጠጉታል። ንግሥተ ሳባን ከንጉሥ ሰሎሞን ጋር ያገናኘነው እንደሆነ ደግሞ ወደ 10ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ እንመለሳለን። በሕንጻውና በስሙ መካከል 1,500 ዓመት ገደማ ተጋርጧል ማለት ነው።

ሕዝቡ ለፍርስራሹ ይህን ስም ማውጣቱ አያስነቅፈውም። ከመንገዱ ማዶ ያለው የሐውልቶች መስክ በበኩሉ በጉዲት ስም ይጠራል፤ ሁለት ንግሥቶች፣ አንዷ የክብር፣ ሌላዋ የጥፋት፣ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ተፋጥጠው እንዲቆሙ ያደረገው የሕዝቡ ትዝታ ነው። እንዲህ ያለው አጠራር ራሱን የቻለ የጥናት ርእስ ሊሆን ይገባል። የሚያስነቅፈው ሳይንስ ነኝ የሚለው ወገን ይህንኑ ስም ተበድሮ እንደ ማስረጃ ሲያቀርበው ነው። በግንቦት 2008 የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ሄልሙት ዚገርት የተመራ ቡድን ከዱንጉር ሕንጻ ሥር የንግሥተ ሳባን ቤተ መንግሥት አገኘ ሲል ለዓለም ዜና አሰማ። ዜናው በየአገሩ ጋዜጦች ተሰራጨ፤ በስደት ያለነውም ብዙዎቻችን በደስታ ተቀበልነው። ነገር ግን ከሕንጻ ሥር የቆየ መሠረት መገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ ያ መሠረት የታወቀች የአንዲት ንግሥት ቤት መሆኑን ማስረዳት ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ለሁለተኛው የሚያስፈልገው ማስረጃ አልቀረበም። የሌሎችን ግድፈት ለመንቀስ የምንፈጥነውን ያህል፣ የሚያስደስተንን ወሬ ለመመርመር አለመፍጠናችንን እዚህ ላይ ልናምን ይገባናል።

ከሕዝቡ ስም ወደ ሊቃውንቱ ስም እንሻገር። በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የአክሱም ጉዞ እንዳ ሚካኤልን፣ እንዳ ስምዖንንና ታዕካ ማርያምን መርምሮ «ቤተ መንግሥት» አላቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት አንዳንዶቹ «ቪላ»፣ አንዳንዶቹ «የመኳንንት መኖሪያ» ማለትን መረጡ። ለውጡ በከንቱ የተደረገ አይደለም፤ ንጉሥ በአንድ ዘመን ይህን ያህል ቤተ መንግሥት አይኖረውምና እነዚህ ሕንጻዎች የሀብታም ባላባቶች ቤት ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ፍርድ አለበት። በዚህ ፍርድ እንስማማለን። ሆኖም «ቪላ» የሚለው ቃል ከሮማ የመጣ ነው፤ ከሮማ ሲመጣም አንድ ትልቅ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

ሮማውያን ቪላ ሲሉ ዛሬ በአዲስ አበባ እንደምንለው ግቢ ያለው ዘመናዊ ቤት ማለታቸው አልነበረም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስለ እርሻ የጻፈው ኮሉሜላ ቪላን በሦስት ይከፍለዋል፤ የጌታው መኖሪያ፣ የሠራተኛውና የከብቱ ማደሪያ፣ የምርቱ ማከማቻ። ቤቱና እርሻው፣ አዳራሹና ጎተራው አንድ አካል ናቸው። የአውሮጳ አርኪዮሎጂስቶች ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወስዶባቸዋል። ለረጅም ዘመን የሚፈልጉት በቀለም ድንጋይ የተነጠፈውን ወለልና ሥዕል ያለበትን ግድግዳ ነበር። በእንግሊዝ አገር ፊሽቦርን በተባለ ስፍራ በ1960 የውሃ ቧንቧ ሲቀበር የተገኘው ታላቅ ሕንጻ ዝናው የወጣው በወለሎቹ ውበት ነበር፤ የማን ነው ለሚለውም ቶጊዱብኑስ የተባለ የአገሬው ንጉሥ ስም ፈጥኖ ተሰጠው፤ ክርክሩ ግን እስካሁን አልተዘጋም። ዱንጉር በሚቆፈርበት ዘመን እነርሱም ለፍርስራሻቸው ባለቤት ይፈልጉ ነበር። የአጠናኑን አቅጣጫ ከለወጡት ሥራዎች አንዱ አንድሬያ ካራንዲኒ ከ1976 እስከ 1981 በጣልያን አገር በሰተፊነስትሬ ያካሄደው ቁፋሮ ነው። እርሱና ባልደረቦቹ ከጌታው አዳራሽ አልፈው የወይን መጭመቂያውን፣ የባሮቹን ማደሪያና የዐሣማውን በረት ቆፈሩ። ጥያቄያቸው «ማን ኖረበት?» ከሚለው አልፎ «ማን ሠራለት? ምን አበቀለለት?» ወደሚለው ተሸጋገረ።

ይህን መለኪያ ይዘን ወደ ዱንጉር ስንመለስ ጉድለቱ ግልጽ ሆኖ ይታያል። ስለ መካከለኛው ሕንጻ ደረጃና መግቢያ ብዙ ተጽፏል፤ በጎን ክፍሎቹ ምድጃዎች መገኘታቸውም ተመዝግቧል። በእነዚያ ምድጃዎች ዙሪያ የቆሙት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ፣ እህሉ ከየትኛው ማሳ እንደ መጣ፣ ውሃና እንጨቱን ማን እንደ ተሸከመ የሚጠይቅ ጽሑፍ ግን ጥቂት ነው። አንፍሬን በዚህ ብቻ ብንወቅሰው ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ዛሬ በኤርትራ ግዛት በምትገኘው በመጠራ ቁፋሮ ሲያካሂድ ከታላላቆቹ ቤቶች ጎን የተራውን ሰው አነስተኛ ቤቶችም አውጥቶ አሳይቷል። ያም ሆኖ ከመጠራ በሕዝብ ዘንድ ዝና ያተረፈው በነሐስ ዕቃ ውስጥ የተገኘው ሀብት፣ በተለይም ለጌጥ የተበጁት 14 የሮማ የወርቅ መሐለቆች ናቸው። ወርቁ ታወቀ፤ ትንንሾቹ ቤቶች ተረሱ። ጉድለቱ የቆፋሪው ብቻ ሳይሆን የአንባቢውም ነው ማለት ነው።

ገጠሩን ማጥናት የሚቻል መሆኑን የሚያሳዩ ሥራዎች አሉ። ጆሴፍ ማይክልስ በ1974 ከአክሱም እስከ ይሓ ያለውን አገር በእግር አስሶ የጥንት ሰፈሮችን መዘገበ። ከ1993 እስከ 1997 በዴቪድ ፊሊፕሰን መሪነት በአክሱም የተካሄደው ቁፋሮ ከአፈር ውስጥ የተቃጠለ ዘር እያጣራ ጤፍን፣ ስንዴን፣ ገብስን፣ ምስርን፣ ተልባን፣ ኑግን፣ ጥጥንና የወይን ፍሬን አገኘ። ከይሓ ብዙም በማይርቀው በቤተ ሳማዕቲ ደግሞ በማይክል ሃሮወር የተመራው ቡድን ከ2011 ጀምሮ ቆፍሮ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ማግኘቱን በ2019 አሳውቋል። እኛን ከወርቅ ቀለበቱ ይልቅ የሚያስደንቀን ከዋና ከተማው ውጭ እንዲህ ያለ ሰፈር ከአክሱም መንግሥት በፊት ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት ሰው እንደ ኖረበት መታወቁ ነው። አንዲት የጤፍ ቅንጣት የዱንጉርን ጌታ ስም አትነግረንም፤ በዚያ አገር ምን እንደሚዘራና ምን እንደሚበላ ግን ትነግረናለች።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ቪላ» የሮማን ባርነትና የሮማን የመሬት ሥሪት ያዘለ ቃል ነውና ለአክሱም ማዋሉ ስሕተት ነው የሚሉ አሉ። በዚህም ላይ ዱንጉር በከተማው ዳር የቆመ እንጂ በእርሻ መካከል የተተከለ አይደለም። ተቃውሞው እውነት አለው። ይሁን እንጂ የሮማውን ቃል ጥለን በምትኩ «የጉልት ጌታ ቤት» ብንል አንዱን ብድር በሌላ ብድር መክፈል ይሆንብናል፤ ጉልት በሰፊው የሚታወቀን ብዙ ዘመን ቆይተው ከተጻፉ ሰነዶች ነውና። ከአክሱም ዘመን በእጃችን ያለው ጥቂት የድንጋይ ጽሑፍ ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ የንጉሥ ኢዛና ጽሑፍ፣ ስድስት የቤጃ አለቆች ከ4,400 ሰዎች ጋር ተማርከው ወደ ሌላ አገር እንዲሰፍሩ መደረጋቸውን ሲተርክ በጉዞው የታደላቸውን ቀለብ ሳይቀር ይቆጥራል። ንጉሡ ራሱ ቀለቡን ቆጥሮ በድንጋይ ያስቀረጸውን፣ እኛ የታሪክ ተማሪዎች ድልና ዘውድ ብቻ እያነበብን ማለፋችን የሚያስገርም ነው።

በእርግጥ የጉድለቱ ሁሉ መነሻ የእኛ ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ከዱንጉር እጅግ የሚበልጠው፣ 120 በ80 ሜትር ገደማ ስፋት የነበረው ታዕካ ማርያም፣ በፋሽስት ጣልያን ወረራ ዘመን መንገድ በመካከሉ ስለ ተቀደደበት አብዛኛው ጠፍቷል። የሮማ ወራሽ ነኝ ይል የነበረው መንግሥት በ1937 አንዱን ሐውልት ወደ ሮማ ሲያጓጉዝ፣ በዚያው ዘመን ከሐውልቱ የሚበልጥ ምስክር በመንገድ ሥራ ደመሰሰ። ለሐውልቱ መመለስ ለብዙ ዓመታት ጮኸን፤ በ2005 ተመለሰ፤ በ2008 ተተከለ። ስለ ታዕካ ማርያም ግን የጮኸ ጥቂት ነው። የቆመ ሐውልት ለዓይን ይታያል፤ የፈረሰ ወጥ ቤትና ጎተራ አይታይም።

ይህን ሁሉ ለምን በስደት ሆነን እናነሣለን? በዚህች ከተማ ያሉ ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚኖሩት ታክሲ በመንዳት፣ በሆቴሎች አልጋ በማንጠፍ፣ በወጥ ቤት በማብሰል ነው። የእነዚህ ሆቴሎች ታሪክ በባለቤቶቹ ስም ብቻ ቢጻፍ የኛ ሰዎች በአንድም መስመር እንደማይገኙ እናውቃለን። ዱንጉርን በንግሥት ስም ብቻ ስናስታውስ በአያቶቻችን ላይ የምናደርሰው በደልም ይኸው ነው፤ ከእያንዳንዳችን የትውልድ ሐረግ ብዙው ከዘውዱ ይልቅ ከምድጃው የሚነሣ ነውና። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ በተካሄደው ጦርነት፣ በኅዳር 2020 በአክሱም ከተማ ሰላማዊ ሰዎች በብዛት ሲገደሉ፣ ከመካከላችን ስለ ቅርሱ ደኅንነት የጠየቅን ሰዎች ስለ ነዋሪው ደኅንነት በዚያው ድምፅ ጠይቀን ነበርን? ድንጋዩን ከሰው ለይቶ መውደድ የአጠናን ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛው፣ ስለ አክሱም የምንጽፍና የምናስተምር ሁሉ ታላላቆቹን ቤቶች ከነገጠራቸው፣ ከነጓዳቸው እንድናይ ነው፤ ከዱንጉር ማዶ በጉዲት ሐውልቶች መካከል የሚታረሰው ማሳም የጥናቱ አካል ነው። ሁለተኛው፣ በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉትን የቁፋሮ ዘገባዎች በአማርኛና በትግርኛ የማቅረቡን ሥራ ማኅበራችን እንዲጀምር ነው። ሥራው ቤተ መጻሕፍት፣ ቋንቋና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እነዚህ ደግሞ ስደት ካልነፈገን ጥቂት ነገሮች መካከል ናቸው። በቡና ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶግራፍም ይቆይ፤ ባለቤቱ ቢፈቅዱ ግን ከሥሩ ያለው ጽሑፍ «ዱንጉር፣ 6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ፣ ባለቤቱና አገልጋዮቹ ገና ያልታወቁ» ተብሎ ቢታረም እንወዳለን።