«ባል አላት» ደመወዝ መቁረጫ ነውን?



ሴት ሠራተኛ ከወንድ ያነሰ የምታገኘው ለምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ቶሎ የሚመጣ መልስ አለ፤ «ወንዱ ቤተሰብ ያስተዳድራል፤ እርሷ ባል አላት» የሚል። አንዳንዱም ነፈቃ በባል ላይ ግዴታ መሆኑን ለዚሁ ማስረጃ ያደርጋል። ይህ ግን ሁለት ሐቆችን ማደባለቅ ነው። ነፈቃ ባል ለሚስቱ ያለበት ግዴታ ነው፤ ደመወዝ ደግሞ አሠሪ ለተሠራለት ሥራ ያለበት ዕዳ ነው። አሠሪው የባልን ግዴታ አመካኝቶ ከሚስት ሐቅ የሚቀንስበት መብት ከየት አገኘ? ሴት ያፈራችው ገንዘብ የራሷ መሆኑንስ ሸሪዓችን አላስተማረንምን? ባሏ የሞተባት፣ የተፈታች፣ ወላጆቿን የምትጦርም አለችኮ!

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ሕግ አልጎደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ ደንግጓል፤ ኢትዮጵያም የዓለም የሥራ ድርጅትን የእኩል ክፍያ ስምምነት ቁጥር 100 በ1991 ዓ.ም. አጽድቃለች። ችግሩ ያለው «ተመሳሳይ ሥራ» ከሚለው ላይ ነው። እንደ አቃቂ ቃሊቲ ባለ የፋብሪካ ሰፈር መልቀም፣ ማሸግና ማጽዳት የሴት ሥራ ይባላል፤ የማሽን ጥገናው፣ ኤሌክትሪኩና ሹፍርናው ወደ ወንድ ያደላል። ስለዚህ ለአንድ መደብ አንድ ደመወዝ ቢከፈልም ሴቶቹ ዝቅተኛው መደብ ላይ ይከማቻሉ። በግንባታ ቦታ ግን እኩል ድንጋይና አሸዋ ተሸክማ የቀን ሒሳቧ ያነሰ ሴት ብትገኝ፣ ያ ማመካኛ የሌለው በደል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ትርፍ ሰዓት ገቢ ይጨምራል፤ ልጇን ጎረቤት ትታ የመጣች እናት ግን ማምሸት አትችልም። በ2016 ዓ.ም. በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኙት ክላውዲያ ጎልዲን የአሜሪካን መረጃ መርምረው፣ ዛሬ ልዩነቱ በአብዛኛው የሚሰፋው የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ መሆኑን አሳይተዋል። የእኛው አዋጅ 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቅዷል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን የሚወስነው አዋጅ ሳይሆን ቤተሰብ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ወደየቤታችን ይገባል። ለወንድ ልጃችን የመንጃ ፈቃድና የቴክኒክ ትምህርት ከፍለን፣ ሴቷን «እስክታገባ አንድ ነገር ይዛ ትቆይ» ካልን መደቡን የሰጠናት እኛ ነን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እየሰማን ሁለት ደመወዝ በሚገባበት ቤት ልጁንም ምጣዱንም ለአንዷ ከተውን፣ ትርፍ ሰዓቷን የወሰድነውም እኛው ነን።

አሠሪ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የደመወዝ መዝገባችሁን ግለጡና ስሙን ሸፍናችሁ ሥራውን ብቻ አንብቡ። ሥራው እኩል ሆኖ ክፍያው ከተለያየ ቀሪው የሰው ሐቅ ነው። ወላሁ አዕለም።