ካንዴላው ቡና መሰለ!

እንዴት ይህን ነገር እስካሁን የነገረኝ ሰው ጠፋ? ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ማለት ቁልፍ አዙረው የሚነዱት፣ እምቢ ሲል ደግሞ ለመካኒክ ሰጥተው ዋጋ የሚከራከሩበት ነገር ይመስለኝ ነበር። ዘንድሮ ክረምት ግን እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ጓሮዬ ውስጥ፣ የተደፋ የዘይት ጣሳ ላይ ተቀምጬ አንዲት አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 በእጄ ፈታሁ፣ በእጄ ገጠምኩ፣ ነፍስ ዘራሁባት። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እጁን ይዤ ካላሳየሁ አልለቅም። ጎረቤቶቼ መንገድ መቀየር ጀምረዋል።

ሞተሯ ፈረንጆቹ 1970ዎቹ በሚሉት ዘመን የተሠራች ናት። ገጠር ለገጠር ስትንከራተት ኖራ በመጨረሻ የዶሮ ማደሪያ ሆና ነበር። ፒስተኗ ዝጎ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ብልጭታ የምትሰጠውን ካንዴላዋን አውጥቼ በቀዳዳው ናፍጣና ዘይት ቀላቅዬ ሞላሁባት። በየማታው ማስነሻዋን እረግጣለሁ፤ ድንጋይ! በስምንተኛው ቀን ከውስጥ «ቅጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የተንቀሳቀሰው አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ እኔ ግን ጮኼ እናቴን ከማድቤት አስወጣኋት። «ምን ነካህ ልጄ፣ እባብ ነው?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! ሲሊንደሩን ባሕር ዳር ወስጄ ሬቲፊካ አስገባሁና፣ ውስጡ ስለሰፋ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ፒስተን ከነፋሻው ገዛሁ። ሰልባቲዮው (የቤንዚን ጋኑ) ውስጥ አቼቶ ከአሮጌ ካቴና ጋር ከትቼ እንደ ቅል ናጥኩት፤ የወጣው ዝገት የበርበሬ መረቅ ይመስላል። ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) በአመድ ፈተግሁት፤ ድስት ስትፈትግ ካደገች እናት የተማርኩት ነው። ደግሞ ይህን ልብ በሉልኝ፦ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ። አማርኛ እየመሰሉኝ የኖርኩባቸው ቃላት ሁሉ ጣሊያንኛ ናቸው! ደብረ ታቦር የነበረው የጣሊያን ጦር በ1933 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ እጁን ሰጠ፤ ቃላቱ ግን አልተማረኩም፣ ጋራዥ ውስጥ ተቀጥረው ቀሩ።

ፑንቲናው! ስለ ፑንቲናው ብቻ አንድ ቀን ሙሉ ማውራት እችላለሁ። ከጥፍር የማይበልጡ ሁለት የብረት ጫፎች ናቸው፤ ሲከፈቱ በመካከላቸው የሚኖረው ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ከጠበበ ወይም ከሰፋ እሳቱ ጊዜውን ይስታል። በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁት፣ ለካሁት፣ ካንዴላውን ከሲሊንደሩ ራስ አስነክቼ ጨለማ ውስጥ ረገጥኩ። ሰማያዊ ብልጭታ! ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ከደረሰች ማሽን ውስጥ! ሰባት ጊዜ ረገጥኩ፣ ለማየት ብቻ።

የመጨረሻው እንቆቅልሽ ግን አገሬ ራሷ ነበረች። ሞተሯ ተነሣች፣ ግን ታፍናለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ካንዴላዋም ጥላሸት ይለብሳል። ፑንቲናውን ወነጀልኩ፣ ዘይቱን ወነጀልኩ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ካርቡራተሩ ግን ቆላ ያለ መስሎት እንደ ልማዱ ቤንዚን ያፈሳል። ነዳጁ በዛ፣ አየሩ አነሰ። ቤንዚን የሚያሳልፈውን ጂግለር በትንሽ ቁጥር ቀየርኩ፣ መርፌውንም በአንድ እርከን ዝቅ አደረግሁ። ነድቼ ተመልሼ ካንዴላውን ሳወጣው ጫፉ በልኩ የተቆላ ቡና መስሏል። ቡና! መካኒኮች የሚመኙት ቀለም ይኸው ነው። ማታ ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

አሁን ደግሞ ወደ ጋፋት ልውሰዳችሁ። ከተማችን አጠገብ ነው፤ ተማሪ ሳለሁ ለሽርሽር ሄደን ዳቦ በልተን ተመልሰናል፣ ሌላ ምንም አላየሁም። ሰሞኑን በዲቲዬ ሄጄ ቆምኩበትና ፀጉሬ ቆመ። እነ ዋልድማየር፣ እነ ዛልሙለር ከባዝል አጠገብ ካለ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው፣ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። መድፍ የት ያውቃሉ! የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ እንደገና ሞከሩ፤ በመጨረሻ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከዚህ ተነሥቶ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገዱ ከፊቱ እየተጠረገለት፣ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በዚያ ዘመን (ብዙም አልራቀም) ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ተብሎ ይሸሽ እንደነበር አትርሱ።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። መድፍና ሞተር የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው! አንድ በርሜል፣ ውስጡ ፍንዳታ፣ ፍንዳታው የሚገፋው ብረት። ሆላንዳዊው ሃይገንስ በ17ኛው መቶ ዘመን ፒስተን በባሩድ ሊያንቀሳቅስ የሞከረው በዚሁ ሐሳብ ነው። ልዩነቱ፣ የመድፍ ጥይት ሄዶ ይቀራል፤ የእኔ ፒስተን ይመለሳል። በደቂቃ አራት ሺህ ዙር ስትዞር አራት ሺህ ጊዜ ትተኩሳለች፤ 56 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ አፍ! ጋፋት ላይ ቆሜ ይህን ሳስብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ጊዜው የቡሄ ሰሞን ስለነበር እረኞቹ ጅራፍ ያጮኻሉ። ሞተሯን አስነሥቼ ነዳጅ ሰጠኋት፤ «ጣ! ጣ! ጣ!» አለች። ጅራፎቹ ጸጥ አሉ። ትንሹ ልጅ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ ቀረበና ጭሱን፣ እኔን፣ የተላጠውን ፓራፋንጎ ተራ በተራ አየ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «መጮኹንስ ትጮኻለች፤ ዳገት ትወጣለች?»

«ውጣ!» አልኩት። ጅራፉን ለጓደኛው ወርውሮ ከኋላዬ ተፈናጠጠ።