የድንቅነሽ አጥንትና የኮምፒዩተር ሥዕሉ

ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ሰመራ የሚጓዝ ሰው ሚሌ ሳይደርስ ሐዳርን በስተግራው ትቶ ያልፋል። ፈረንጆች ሉሲ የሚሏት ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገኘችው በዚያ ነው። አጥንቷ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ይጠበቃል፤ እኛ እዚህ የምንመረምረው ግን አጥንቱን ሳይሆን በኮምፒዩተር የተሠራውን ሥዕሉን ነው።

ሥዕሉ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2008 ድንቅነሽ ለትርኢት አሜሪካ በነበረችበት ጊዜ በኦስቲን ከተማ በቴክሳስ ዩኒቨርስቲ የራጅ ላቦራቶሪ ነው። ጆን ካፐልማንና ሪቻርድ ኬቸም በ10 ቀን ውስጥ ከ35,000 የሚበልጡ ስስ የቁራጭ ሥዕሎች አነሡ። ሲቲ ስካን የሚባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1971 በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያውን በሽተኛ ያነሣ የሆስፒታል ዕቃ ነበር። ዛሬ መጋዝ ሳይነካው የቅሪተ አካልን ውስጥ ያሳያል። ይህን ድካም ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

የሚያከራክረው ከሥዕሉ የተወሰደው ፍርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ካፐልማንና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ድንቅነሽ ከ12 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ከዛፍ ወድቃ ሞተች ሲሉ ጻፉ። ዋናው ማስረጃቸው የቀኝ ክንዷ አጥንት በትከሻው በኩል የተሰበረበት ሁኔታ ነው፤ የሚወድቅ ሰው ራሱን ለማዳን እጁን ዘርግቶ መሬት ሲመታ እንዲህ ይሰበራል ይላሉ። ድንቅነሽን ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰንና ቲም ኋይት ግን አልተቀበሉትም። ጆሃንሰን የዝሆንና የጉማሬ አጥንትም እንዲሁ ተሰባብሮ እንደሚገኝ አመለከተ። ዝሆን ደግሞ ዛፍ ላይ ሲወጣ ያየ የለም!

እኛም ወደ ጆሃንሰን እናደላለን፤ ምክንያታችን ግን ከሥዕሉ አሠራር የሚነሣ ነው። ራጁ የሚለየው እፍጋትን ነው። ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ የቆየ አጥንት ራሱ ወደ ድንጋይነት ስለሚለወጥ፣ እፍጋቱ በስንጥቁ ከገባው ድንጋይ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። እንግዲህ አጥንቱ እዚህ ያበቃል፣ ድንጋዩ ከዚህ ይጀምራል ብሎ ድንበር የሚቆርጠው መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ጭምር ነው። ድንበሩ ጥቂት ፈቀቅ ቢል ስንጥቁ ይሰፋል ወይም ይጠባል፤ በመስተዋቱ ላይ የሚታየው ለስላሳ ቅርጽ ግን ይህን ውሳኔ አይነግረንም። ስብራቱ በሞት ጊዜ ይሁን ከሞት በኋላ በአፈር ክብደት፣ ይህንም ሥዕሉ ለብቻው አይናገርም። መሣሪያ ልኩ አስቀድሞ በታወቀ ነገር እንደሚፈተን ሁሉ፣ ይህም ፍርድ በዚያው በሐዳር አፈር ውስጥ በተገኘ፣ ከዛፍ ሊወድቅ በማይችል እንስሳ አጥንት እንዲፈተን እንጠይቃለን።

በዚያው በ2016 ብሔራዊ ሙዚየሙ ፈቅዶ የትከሻዋና የጉልበቷ ቅርጽ ማንም ወስዶ እንዲያትመው ለሕዝብ ቀርቧል። በዚህ ደስ ብሎናል። ነገር ግን የታተመው ቅርጽ ድንበሩ አስቀድሞ የተቆረጠለት ነው። የሰመራ ዩኒቨርስቲ ተማሪ ወድቃለች ወይም አልወደቀችም ብሎ በራሱ ዓይን ይፈርድ ዘንድ፣ ቢያንስ የቀኝ ክንዷ የቁራጭ ሥዕሎች ከነእፍጋት ልካቸው በእጁ ሊገቡ ይገባል።