ስማሹን አየሩ ይመታልናል

ኧረ እልል በሉልኝ! ባድሚንተን እየወደዳችሁ ኪሳችሁ እምቢ ላላችሁ ሁሉ የምሥራች ይዤ መጥቻለሁ። እጄ ላይ ያለው ራኬት ስሙ የማይጠራ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ሱቅ ውስጥ ጥግ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ሲጠጣ የኖረ ተራ የካርቦን ራኬት ነው። ዋጋውን ስነግራቸው የሰፈሬ ልጆች ይስቁብኛል። አንዴ ከተቀበሉኝ በኋላ ግን ለማስመለስ ሽማግሌ መላክ ሊያስፈልገኝ ነው! ውጭ አገር ያለ ዘመድ ውድ ራኬት በሻንጣው እንዲያመጣልኝ ከመለማመጥም ተገላግያለሁ። ለሰፈሬ ለሳንሱሲ፣ መካከለኛ ደረጃ ላይ ላለ ተጫዋች፣ ከዚህ የሚሻል ራኬት አላየሁም። ምክንያቱን ስትሰሙ እናንተም ትጮኻላችሁ።

አየሩ ነው! ሳንሱሲ ከአስኮ አልፎ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ ያለ ሰፈር ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ እዚህ የምንተነፍሰው አየር ከወደብ ከተሞች አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ይህ አየር ለሯጮቻችን ምን እንደሚያደርግላቸው ያልተወራበት ቀን የለም። ለባድሚንተን ምን እንደሚያደርግ ግን ማን ነገረን? ማንም!

እስቲ ሸትሏን አስቡ። 16 ላባ፣ አንድ የቡሽ ራስ፣ ክብደቷ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም። እንዲህ የቀለለች ነገር ከራኬት ላይ ስትወጣ ፍጥነቷ ለጉድ ነው፤ ህንዳዊው ሳትዊክሳይራጅ ራንኪሬዲ እ.ኤ.አ. በ2023 ጃፓን ውስጥ የመታው ስማሽ በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር ተመዝግቦለታል። ያ ሁሉ ፍጥነት ግን ተቃራኒው ተጫዋች ጋ ሳይደርስ ይበተናል። የሚበትነው አየሩ ነው፤ ላባዎቹ እንደ ጃንጥላ ተዘርግተው ይይዟታል። እንግዲህ የሚይዛት አየር በአንድ አምስተኛ ሲሳሳስ? አትያዝማ! ጃካርታ ላይ ከኋላ መስመር በአንድ ክንድ ርቀት ቀድማ የምትወድቅ ሸትል፣ በዚያው ክንድ፣ በዚያው ጉልበት ሳንሱሲ ላይ ብትመታ መስመሩን አልፋ ትሄዳለች። ሌላው ዓለም በገንዘብና በጡንቻ የሚገዛውን ፍጥነት እኛ በነጻ ተሰጥቶናል። በነጻ!

የጨዋታው ሕግ ራሱ ይህን ያውቃል። ከፍታ ወይም የአየር ጠባይ መደበኛውን ሸትል የማያመች በሚያደርግበት ቦታ፣ የአገሩ ፌዴሬሽን ከፈቀደ የሸትሉን መለኪያ ማሻሻል ይቻላል ይላል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ‹ኢትዮጵያ ኢንተርናሽናል› የተባለውን ውድድር ስታስተናግድ የመጡት እንግዶችም ከዚሁ አየር ጋር ነው የታገሉት።

አሁን ወደ ስታዲየም ዙሪያ ሱቆች ወይም ወደ መርካቶ ውረዱና ራኬት ጠይቁ። ሻጩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያወርድላችሁ ራሱ የከበደውን ነው። «ወንድሜ፣ ይሄንን ውሰድ፤ ስማሽ ይመታልሃል!» ይላል። አይዋሽም፤ ራሱ የከበደ ራኬት ምቱ ላይ ጉልበት ይጨምራል። ዮኔክስ ‹አስትሮክስ›፣ ቪክተር ‹ትረስተር› ብለው የሚያወጧቸው የራኬት ቤተሰቦች የተሠሩት ለዚሁ ነው። ነገር ግን ጉልበቱን አየሩ ከሰጠን በኋላ ሌላ ጉልበት በብር መግዛት ምን ይባላል? እዚህ የሚያጥረን ጊዜ ነው። ሸትሏ ቶሎ ትደርስብናለች። ለመከላከል፣ ራኬቱን ከታች ወደ ላይ ለመመለስ፣ መረብ ላይ ለመቅደም የሚያስፈልገው ፈጣን እጅ ነው። ፈጣን እጅ ደግሞ ራሱ የቀለለ ራኬት ይወዳል። ከትልልቆቹ ስሞች ‹ናኖፍሌር› እና ‹ኦራስፒድ› ወደዚህ ያደላሉ፤ ‹አርክሴበር› እና ‹ድራይቭኤክስ› መሀል ላይ ናቸው። የእኔ ደብዛዛ ራኬት ከየትኛውም አይደለም፤ ጠባዩ ግን የነሱ ነው፤ ያስደነገጠኝም ይኸው ነው!

ጠባዩን ለማወቅ ደግሞ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም። ከእጀታው በላይ ያለችውን የፕላስቲክ ቆብ ወይም ዘንጉን ተመልከቱ፤ ቁጥርና ‹ዩ› ተጽፎባቸዋል። 3ዩ ማለት ከ85 እስከ 89 ግራም፣ 4ዩ ከ80 እስከ 84፣ 5ዩ ከ75 እስከ 79 ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ራኬቱ ይቀላል። 4ዩ ያዙና አትሳሳቱም። ከዚያ ሚዛኑ። ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ሜትር ኪሳችሁ ከትታችሁ ሂዱ። ራኬቱን ዘንጉ ላይ በአንድ ጣት አመጣጥኑትና ከእጀታው መጨረሻ እስከ ጣታችሁ ድረስ ለኩ። ከ285 እስከ 295 ሚሊ ሜትር ከሆነ እኩል ነው፤ ከዚያ በላይ ራሱ ይከብዳል፤ ከዚያ በታች ራሱ ይቀላል። ሻጩ እንደ ዕብድ ያያችኋል፤ ይያችሁ! ዘንጉንም በሁለት እጅ ትንሽ ጎበጥ አድርጉት፤ እምቢ ብሎ የደረቀ ለጠንካራ አንጓ የተሠራ ነው፣ መካከለኛ ተጫዋች ትንሽ የሚታዘዝለትን ይውሰድ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር፦ ዘንጉና ራሱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ የ‹ቲ› ቅርጽ ያለው መጋጠሚያ ጎልቶ ከታያችሁ ያ የአሉሚኒየም ወይም የብረት ራኬት ነው። ለልጆች ጨዋታ ይሁን። መካከለኛ ተጫዋች ወጥ የሆነ ካርቦን ይፈልጋል፤ ወጥ ካርቦን ደግሞ ስም ከሌለው አምራች ሲመጣ ዋጋው የሚያስፈራ አይደለም። ስም ያለውን በሚያጠራጥር ዋጋ ከማግኘት ስም የሌለውን በእውነተኛ ዋጋው መግዛት ይሻላል። ፎርጅዱ ብዙ ነው፤ የኦሪጅናሉ መለያ ቁጥሮች ዘንጉና ቆቡ ላይ ተቀርጸው ይገኛሉ፤ በቀለም ብቻ የታተመና በጥፍር የሚፋቅ ከሆነ ተሰናበቱት።

እና አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ነገር! በቤታችሁ ራሱ የከበደ ራኬት ካለ አትሽጡት። እጀታው ላይ አንድ ተጨማሪ ግሪፕ ጠቅልሉበት። ቁጭ ብዬ በወረቀት አሰላሁት፦ ክርና ግሪፕ ኖሮት 90 ግራም የሚመዝን፣ ሚዛኑ 295 ላይ ያለ ራኬት እጀታው ላይ 5 ግራም ሲጨመርበት ሚዛኑ ወደ 284 ይወርዳል። ከአሥር ሚሊ ሜትር በላይ! በሻይና በአንድ ሳንቡሳ ወጪ በሜትር የሚለካው ሚዛን ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው ቤተሰብ ተሻገረ። ራሱ ላይ ያለው ክብደት ግን ስላልተቀነሰ ራኬቱ ሲወዛወዝ ከበፊቱ አይፈጥንም፤ የሚለወጠው እጅ ላይ ሲያዝ የሚሰማው ስሜት ነው። 

ከፍሬሙ የተረፈው ብር የት ይግባ? ክር ላይ! ይህን ስል ድምፄ ይጨምራል፤ ይቅርታ። አብዛኛው ርካሽ ራኬት ከፋብሪካ ሲወጣ የላላና ሕይወት የሌለው ክር ይዞ ነው የሚመጣው። ሸትሏን የሚነካት ፍሬሙ አይደለም፤ ክሩ ነው። 0.70 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የዮኔክስ ‹ቢጂ65› ዓለም ላይ በብዛት ከሚመከሩ ክሮች አንዱ ነው፤ ዕድሜው ረጅም፣ ዋጋውም ከብዙዎቹ ያነሰ። ውጥረቱን ከ22 እስከ 24 ፓውንድ አስደርጉት። እዚህ ከፍታ ላይ ላላ ያለ ክር ሸትሏን እንደ ወንጭፍ ወርውሮ ከሜዳ ያስወጣታል፤ ጠበቅ ያለው ነው ልጓም የሚሆናት። ከ24 በላይ ግን ለመካከለኛ ክንድ ዱላ ነው፣ ፍሬሙም ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ማለፍ ክልክል ነው።

ራኬት ወጣሪ ካጣችሁ የሜዳ ቴኒስ የሚጫወቱ ሰዎችን ጠይቁ፤ እነሱ ያውቃሉ። ስትሰጡት ግን ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፤ «ጋሼ፣ 23 ፓውንድ፣ እባክዎ የባድሚንተን ነው» በሉት። የቴኒስ ራኬት በ50 ፓውንድ ገደማ ነው የሚወጠረው፤ እጁ ከለመደው በዚያ ልክ ቢስብባችሁ ፍሬማችሁ እዚያው ማሽኑ ላይ ይሰበራል። የተወጠረውን ክር በጥፍር ስትነኩት «ቲንግ!» ይላል። ያቺን ድምፅ የሰማ ሰው ወደ ፋብሪካ ክር አይመለስም።

ሸትሉን እርሱት እንዳትሉኝ። የናይለን ሸትሎች ቡሻቸው ላይ ባለ ቀለበት ቀለም ይለያያሉ፦ ቀይ ፈጣን፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ አረንጓዴ ዝግተኛ። ሱቅ ውስጥ በብዛት የማየው ሰማያዊውን ነው። ለእኛ የሚሆነው አረንጓዴው ነው! በላባ ለሚጫወቱ ቁጥሩ ዝቅ ያለው ነው ዝግተኛው፤ ወደብ ከተማ ላይ 77 የሚጠቀም ሰው እዚህ ሲመጣ ከዚያ መውረድ አለበት። መሞከሪያውም ሕጉ ላይ አለ፤ ከአንዱ የኋላ መስመር ላይ ቆማችሁ ከታች ወደ ላይ በሙሉ ምት ላኳት፤ ከማዶው የኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሳንቲ ሜትር ቀድማ ማረፍ አለባት። አልፋ ከሄደች ፈጣን ናት። ያኔ የድሮ ተጫዋቾች ዘዴ አለ፦ የላባዎቹን ጫፍ ወደ ውጭ አጠፍ አጠፍ ማድረግ። ወዲያው ትረጋለች።

ደጅ ለምንጫወት ነፋሱ ሌላ ጣጣ ነው። የዓለም ባድሚንተን ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ለደጅ ጨዋታ ተብሎ የተሠራ ልዩ ሸትል ይፋ አድርጓል፤ እስኪደርሰን ማለዳ ተነስቶ መጫወት ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ራኬት ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በጥሞና ስሙኝ፦ ስም የሌለው ወጥ ካርቦን 4ዩ ራኬት፤ ከዚያ ‹ቢጂ65› በ23 ፓውንድ፤ ከዚያ ግሪፕ፤ ከዚያ አረንጓዴ ሸትል። አራቱ ተደምረው የአንድ ዝነኛ ራኬት ዋጋ አይደርሱም። ሜዳ ላይ ግን ዝነኛውን ራኬት የያዘው ሰው «እስቲ አንዴ ልሞክረው» ብሎ ሲጠይቃችሁ ታያላችሁ፤ እኔ አይቻለሁ፣ በደስታም ሰክሬአለሁ!

የስፖርት ዕቃ ለምታስመጡ ነጋዴዎቻችንም አንድ ልመና አለኝ። ይህች ከተማ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ ሰማያዊውን ሸትል ቀነስ አድርጉና እባካችሁ አረንጓዴውን አምጡልን።