ከመጀመሪያው ሙከራ በፊት፦ ክሊፍ በርተን፣ ካስትሮ ቫሊ እና የ«ኪል ኤም ኦል» ዳግም ኅትመት

በሜታሊካ የመጀመሪያ አልበም ውስጥ አምስተኛው ሥራ ሊጀምር ሲል የቀረጻ ባለሙያው የክሪስ ቡባክዝ ድምፅ ይሰማል። የሚቀረጸው የቤዝ ጊታር ሶሎ መሆኑንና ሙከራውም የመጀመሪያው መሆኑን ተናግሮ ዝም ይላል። እንዲህ ያለው ንግግር የስቱዲዮ የውስጥ ጉዳይ ስለሆነ አልበም ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ተቆርጦ ይወጣል፤ «ኪል ኤም ኦል» ላይ ግን ሳይቆረጥ ቀረ። ከዚያ ለአራት ደቂቃ ያህል የ21 ዓመቱ ክሊፍ በርተን አልበሙ የሚታወቅበትን ጥድፊያ ወደ ጎን ትቶ ሙዚቃውን በራሱ ጊዜ ይገነባል። ሲጀምር ኮርዶቹን በአንድነት አይመታቸውም፤ እየፈታ አንድ በአንድ ያሰማቸዋል፤ አካሄዱም ባኽን ያጠና ሰው አካሄድ ነው። ዲስቶርሽኑ የእያንዳንዱን ኖታ ጠርዝ ያሻክረዋል። በእግሩ የሚረግጠው የዋ ፔዳል ድምፁን እንደ ሰው አፍ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። የላርስ ኡልሪክ ከበሮ የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ መሪ ጊታር የሚባል ነገር ግን እስከ መጨረሻው የለም።

አልበሙ የወጣው ጁላይ 25 ቀን 1983 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ኤፕሪል 15 ቀን 2016፣ ቡድኑ በተመሠረተ በ35ኛው፣ በርተን በሞተ በ30ኛው ዓመት፣ ማስተሩ ታድሶ በሸክላ፣ በሲዲና በዲቪዲ፣ ከመጽሐፍ ጋር በአንድ ትልቅ ሳጥን ተዘጋጅቶ እንደገና ለገበያ ቀረበ። በእኔ ንባብ ይህ ዳግም ኅትመት ድምፁን በአክብሮት ጠብቋል፣ የአልበሙን አጀማመር ግን አሳጥሮታል። ቡባክዝ «የመጀመሪያ» ያለው ሙከራ የሁለት ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው፣ ከስቱዲዮው በአገሪቱ ስፋት ርቆ ሲበስል የቆየ ሥራ ነበርና።

የበሰለበት ቦታ ካስትሮ ቫሊ እና ጎረቤቷ ሄይዋርድ ናቸው። ካስትሮ ቫሊ ከኦክላንድ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በኮረብታዎች መካከል የምትገኝ፣ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት በዶሮ እርባታዋ ትታወቅ የነበረች የመኖሪያ ሰፈር ናት። በርተን በ1962 ተወለደ። ፒያኖ የጀመረው በልጅነቱ ነው። ታላቅ ወንድሙ ስኮት በ1975 ሲሞት እሱ 13 ዓመቱ ነበር፤ ቤዝ ጊታር ላይ አጥብቆ የተቀመጠውም ከዚያ ሐዘን በኋላ ነው። በቀን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይለማመድ እንደነበር፣ ይህንንም ታዋቂ ከሆነ በኋላ እንዳልተወው በቅርብ የሚያውቁት መስክረዋል። ከግል አስተማሪ ትምህርት ወሰደ፤ ጃዙንም ክላሲካሉንም በኖታ አጠና። በ1980 የካስትሮ ቫሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ጨርሶ ሄይዋርድ ወዳለው ቻቦት ኮሌጅ ገባ። የወጣትነት የሙዚቃ ጓደኞቹ ጂም ማርቲንና ማይክ ቦርዲን ኋላ በፌዝ ኖ ሞር ስማቸው የገነነ ናቸው። ይህ ሁሉ ተራ የሕይወት ታሪክ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የ«ኪል ኤም ኦል»ን ሶሎ ስንሰማ የምናገኘው ይህንኑ ነው፤ የሮክ ክለብ ብቻውን የማያስተምረው የድምፅ አወራረድ አለበት።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። በ1981 በርተንና ማርቲን ኤጀንትስ ኦቭ ሚስፎርቹን በተባለው ቡድናቸው በሄይዋርድ አካባቢ የመዝናኛ አገልግሎት የባንዶች ውድድር ላይ ሲቀርቡ ማጣሪያቸው በቪዲዮ ተቀርጿል። በዚያ ቪዲዮ በርተን ከሚጫወታቸው ውስጥ ኋላ «አኔስቴዥያ፣ ፑሊንግ ቲዝ» ተብሎ አልበሙ ላይ የገባው ሶሎ ክፍሎች ይሰማሉ፤ የሁለተኛው አልበም ዘፈን «ፎር ሁም ዘ ቤል ቶልስ» መግቢያም እንዲሁ። ሜታሊካ ያኔ ገና አልተወለደም ማለት ይቻላል። ጄምስ ሄትፊልድና ኡልሪክ የተገናኙት በጋዜጣ ማስታወቂያ ሲሆን ቡድኑ የተመሠረተው በ1981 መጨረሻ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በርተን ትራውማ ከተባለ ቡድን ጋር ሎስ አንጀለስ ዊስኪ ኤ ጎ ጎ ላይ ሲጫወት ሁለቱ ሰሙት። ከመድረኩ የሚመጣውን ሶሎ የጊታር መስሏቸው ጊታሪስቱን በዓይናቸው እንደፈለጉ ራሳቸው ደጋግመው ተርከዋል። ኑ ቢሉት ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፦ እሱ ወደ እነሱ አይሄድም፣ እነሱ ወደ ቤይ ኤሪያ ይምጡ። መጡም፤ ኤል ሰሪቶ ውስጥ ቤት ተከራዩ፤ ማርች 5 ቀን 1983 ሳን ፍራንሲስኮ ዘ ስቶን ክለብ ውስጥ ከእሱ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወቱ።

አንድ ቡድን ለአንድ ቤዝ ተጫዋች ብሎ ከተማ መቀየሩ ለእኔ የአልበሙ ቁልፍ ነው። የቤይ ኤሪያ ትራሽ ሜታል የሚባለው ኋላ በበርክሊው ሩቲስ ኢን የደራው እንቅስቃሴ፣ ከኤክሶደስ እስከ ቴስታመንትና ዴዝ ኤንጀል ድረስ፣ የሜታሊካ ፈጠራ ብቻ ተደርጎ ሲነገር ይህ ይዘነጋል። ሎስ አንጀለስ ፍጥነቱንና ቁጣውን አመጣች፤ ቤይ ኤሪያ ደግሞ ስልቱን የሚያውቀውን ልጅና፣ ብዙም ሳይቆይ፣ ከኤክሶደስ የመጣውን ኪርክ ሃሜትን ሰጠች።

ቀረጻው ራሱ በፍጥነት የተከናወነ ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ ሸክላ ይሸጡ የነበሩት ጆንና ማርሻ ዛዙላ ቡድኑን ወደ ምሥራቅ ጠርተው ሜጋፎርስ የተባለውን አሳታሚ አቋቋሙ፤ በሜይ 1983 ሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው ሚውዚክ አሜሪካ ስቱዲዮ፣ በፖል ከርሲዮ ፕሮዲዩሰርነት፣ በ15,000 ዶላር ገደማ በጀት ሥራው ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ አለቀ። ጥድፊያው ይሰማል። ጊታሮቹ ስለታም ናቸው፤ የሄትፊልድ ድምፅ ገና የልጅ ድምፅ ነው፤ ከበሮው ሳሳ ይላል።

ዳግም ኅትመት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ማስተርን ማደስ የተጠናቀቀውን ቅጂ ድምፅ ማስተካከል ነው፤ እንደገና ሚክስ ማድረግ ግን እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ አውጥቶ ሚዛኑን ከሥሩ መለወጥ ነው። ሜታሊካ የመጀመሪያውን መረጠ። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ደግሞ ከዚያው ቤት የወጣ ነው። ዴቭ መስቴን ከቀረጻው በፊት በኤፕሪል 1983 ከቡድኑ ተባርሮ ሜጋዴዝን መሠረተ፤ በ1985 የወጣውን የመጀመሪያ አልበሙን «ኪሊንግ ኢዝ ማይ ቢዝነስ»ን በ2002 እንደገና ሚክስ አድርጎ አሳተመው፤ በ2018 «ዘ ፋይናል ኪል» ብሎ ደገመው። ጎን ለጎን መስማት ይቻላል፤ አንድ ዜማ ሁለቱም አልበሞች ላይ አለና። መስቴን «መካኒክስ» ያለውን ሜታሊካዎች ግጥሙን ቀይረው፣ መሐሉ ላይ ረጋ ያለ ክፍል ጨምረው «ዘ ፎር ሆርስሜን» አሉት። የ2018ቱ «መካኒክስ» ጠንካራና ንጹሕ ነው፤ እያንዳንዱ ምት ቦታው ላይ ነው። የሚጎድለው የ1985ቱ ሰው ነው። በዕድሜ የገፋ ባለሙያ የወጣትነቱን ድምፅ ሲያርመው የምንሰማው አሁን ያለውን ጆሮውን ነው። የ2016ቱን «ዘ ፎር ሆርስሜን» ስንሰማ ግን የኡልሪክ ከበሮ አሁንም እንደሳሳ ነው፤ የበርተን ቤዝ ትንሽ ቀርቦ ይሰማል እንጂ ቦታው አልተቀየረም። ይህ ምርጫ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ቡድኑ በዚሁ አቋሙ ጸንቷል፤ የ1988ቱ «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» በ2018 ሲታተም ብዙ አድማጮች የማይሰማው የጄሰን ኒውስቴድ ቤዝ ከፍ እንዲል ቢጠይቁም አልተነካም።

ሜታሊካ መምረጥ የቻለው ባለቤት ስለሆነ ነው። በ2012 ቡድኑ የአልበሞቹን ሁሉ ማስተር በእጁ አስገብቶ ብላክንድ ሪከርዲንግስን አቋቋመ። የእኛን ሙዚቃ የሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1975 በካይፋ ሪከርድስ የወጣው የማሕሙድ አሕመድ «ኤረ መላ መላ» በ1986 በቤልጅጉ ክራምድ ዲስክስ ሲታተም አውሮፓ ለዘመናዊ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ጆሮዋን ሰጠች። የዋልያስ ባንድ የ1977 ሥራ «ቸ በለው» እንደገና ለመታተም እስከ 2014 ጠበቀ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እንደገና የወጣው የኃይሉ መርጊያ የአኮርዲዮን አልበም ደግሞ መነሻው ባሕር ዳር ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ያገኘው ካሴት ነው፤ ኃይሉ በዚያ ጊዜ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ይነዳ ነበር። እኛ ዘንድ ዳግም ኅትመት ከጥፋት ማትረፍ ነው፤ ማን ምን ተጫወተ፣ የት ተቀረጸ የሚለው መረጃ ሳይቀር በፍለጋ የሚገኝ ነው። ሁሉን በእጁ የያዘ ቡድን ግን ሳጥኑ ውስጥ የሚገባውንም የማይገባውንም ይወስናል፤ ስለዚህ ያልገባውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ የ1983 እና የ1984 ኮንሰርቶች አሉ፤ ፓሪስ ኤስፓስ ባላር ላይ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1984 የተጫወቱት ከእነዚህ አንዱ ነው። በሌላ አነጋገር ታሪኩ የሚጀምረው አልበሙ ሲሠራ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የያዘው የ1982ቱ ማሳያ ክር «ኖ ላይፍ ቲል ሌዘር» በ2015 በካሴት ወጥቷል፤ ተስፋ የተሰጠበት ሰፊው ኅትመት ግን ማን ምን ጻፈ በሚለው ጉዳይ ከመስቴን ጋር ስምምነት ባለመገኘቱ ቆመ። «ኪል ኤም ኦል» ላይ አራት ዘፈኖች የመስቴንን ስም ይዘዋል። የሄይዋርዱ የ1981 ማጣሪያም ሳጥኑ ውስጥ የለም፤ የሜታሊካ አይደለምና ከድርጅት አንጻር ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለአልበሙ ታሪክ ግን ከፓሪሱ ኮንሰርት ይበልጣል፤ አልበሙ ከመድረሱ በፊት የአልበሙ ሙዚቃ የሚሰማበት ነውና።

በርተን ሴፕቴምበር 27 ቀን 1986 ስዊድን ውስጥ አውቶቡሳቸው ተገልብጦ ሞተ፤ 24 ዓመቱ ነበር። ካስትሮ ቫሊ የራሷ ከንቲባም የከተማ ምክር ቤትም የላትም፤ የምትተዳደረው በቀጥታ በአላሜዳ ካውንቲ ነው። ስለዚህ በ2018፣ አድናቂዎች ፊርማ አሰባስበው ሲጠይቁ፣ የልደት ቀኑን ፌብሩዋሪ 10ን የክሊፍ በርተን ቀን ብሎ ያወጀው የካውንቲው ቦርድ ነው። አባቱ አቶ ሬይ በርተን ግን ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ሲያደርጉ ቆይተዋል። በ2020 በ94 ዓመታቸው ከማረፋቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው እንደተናገሩት፣ ከልጃቸው ሥራ የሚመጣላቸውን የሮያሊቲ ገንዘብ ልጃቸው በተማረበት በካስትሮ ቫሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ለሚያጠኑ ተማሪዎች የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጥተውታል። ልጁ በምን እንደተሠራ እሳቸው ያውቁ ነበር፦ በፒያኖ፣ በኖታ፣ በአስተማሪ፣ በየቀኑ ልምምድ። የ2016ቱ ሳጥን የያዛቸው መድረኮች፣ ክለቦችና ስቱዲዮ ናቸው፤ ቀጣዩ ኅትመት ከሄይዋርዱ ማጣሪያ ቢጀምር የአልበሙን ሶሎ ከምንጩ እንሰማዋለን።