ድምሩ ልክ፣ መልሱ ጎዶሎ፦ የአንድ የዘረመል ቆጠራ ግምገማ

ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ውስጥ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ዘር ይቆጥራሉ። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ ነገሩ ይቀራል። ቤተ ሙከራም ዘር ይቆጥራል፤ የሚቆጥረው ግን አያት ቅድመ አያትን ሳይሆን የዘረመል ቅጂን ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ አንድ ጥናት እንገመግማለን።

ጥናቱ በ2014 እ.ኤ.አ. «አናልስ ኦፍ ኒውሮሎጂ» በተባለው መጽሔት የወጣ ሲሆን፣ የማሊው ሞዲቦ ሳንጋሬና ባልደረቦቻቸው የሠሩት ነው። ጉዳዩ ኤስኤምኤ የተባለ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነው። በአከርካሪ ውስጥ ያሉ ጡንቻን የሚያዙ ነርቮች ይሞታሉ፤ በከባዱ ዓይነት ሕፃኑ ያለ ድጋፍ መቀመጥ እንኳ አይችልም። ብዙውን ጊዜ መነሻው ኤስኤምኤን1 የሚባለው ዘረመል ከእናትም ከአባትም ወገን መጥፋቱ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው አይታመምም፤ ተሸካሚ ግን ነው። ሰባት ቤት የማይዛመዱ ሁለት ሰዎችም ተሸካሚዎች ሆነው ሊገናኙ ይችላሉ።

ተመራማሪዎቹ የ628 ማሊያውያንን፣ የ120 ናይጄሪያውያንንና የ120 ኬንያውያንን ቅጂ በፒሲአር ቆጠሩ። ከአውሮፓና ከእስያ ሕዝቦች ከ30 እስከ 50 ሰው መካከል አንዱ ተሸካሚ ሲሆን፣ በማሊ ከ209 አንዱ ብቻ ሆነ። ሦስትና ከዚያ በላይ ቅጂ ያላቸው ሰዎችም በርከት ብለው ተገኙ። አፍሪካን ከሩቅ ከመገመት ሄዶ መቁጠር ይሻላልና ሥራው ያስመሰግናል። «ምክንያቱ ወባ ይሆን?» ብለው ፈትሸው ማስረጃ እንዳላገኙ በግልጽ መጻፋቸውም እንዲሁ።

ታዲያ ቅሬታችን ምንድን ነው? አንደኛ፣ 628ን ለ209 አካፍሉት፤ ሦስት ይመጣል። ያ ትልቅ ድምዳሜ የቆመው በሦስት ሰዎች ላይ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ሁለት ኪስ ያለው ኮት አስቡ። በኮቱ ውስጥ ሁለት ብር አለ ቢባል፣ በየኪሱ አንድ አንድ ነው ወይስ አንዱ ኪስ ሁለት ይዞ ሌላው ባዶ ነው? ፒሲአር የሚነግረን ድምሩን ብቻ ነው። ልጅ ግን የሚወርሰው አንዱን ኪስ ነው! ሦስት ቅጂ በበዛበት ሕዝብ ሁለት የያዘ ኪስ ይበዛል፤ ስለዚህ ከተሸካሚዎቹ መካከል በድምር የሚደበቁት ድርሻም ይጨምራል። ይኸው ቆጠራ ከአውሮፓ ዝርያ ተሸካሚዎች 95 ከመቶ ያህሉን ሲይዝ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን የሚይዘው 70 ከመቶ ገደማውን ነው።

ሦስተኛ፣ ርዕሱ «ከሰሃራ በታች ያለች አፍሪካ» ይላል፤ ኢትዮጵያ ግን የለችበትም። የጎረቤት ቆጠራ ለእኛ እንደማይበቃ ደግሞ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እናውቃለን። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው መድኃኒት በሚሰባብረው ሲዋይፒ2ዲ6 ዘረመል ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው ትርፍ ቅጂ ነበራቸው።

እንግዲህ ልጃቸውን ያጡ የስማዳ ባልና ሚስት ተመርምረው «ሁለታችሁም ሁለት ሁለት አላችሁ፣ አትስጉ» ቢባሉ አስቡት። መልሱ ልክ ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። የአያቶችን ደም መጨመር ብዙ ጊዜ የተደበቀውን ባዶ ኪስ ያጋልጣል። የሰባት ቤት ቆጠራ «ስንት ናቸው?» ብሎ አያበቃም፤ «ከማን መጣ?» ይላል። ቤተ ሙከራውም እንደዚያ ይጠይቅ።