«በምን ታውቃለህ?»፦ የንባብ መልስና ማስረጃው

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአማርኛ ክፍለ ጊዜ የተለመደው አካሄድ የታወቀ ነው። ምንባቡ ይነበባል፤ ጥያቄው ይቀርባል፤ ተማሪው ይመልሳል፤ መምህሩም «ትክክል» ወይም «ስሕተት» ብሎ ያልፋል። ተማሪው መልሱን ከምንባቡ አግኝቶት፣ ከቤት ሰምቶት ወይም ከጓደኛው ቀድቶት እንደ ሆነ ግን የሚለይበት መንገድ የለም። ስለዚህም አንብቦ መረዳት እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ጊዜ መልስን የመገመት ልምምድ ሆኖ ይቀራል።

ጉዳዩን ለምዕራብ ጎጃም ተማሪ ቅርብ በሆነ ድርሰት መመርመር ይቻላል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ካለችው ከማንኩሳ ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌል እንዳይጋቡ ያገዳቸው ምን እንደ ሆነ ከፍ ያሉ ክፍሎች ተማሪዎች ቢጠየቁ፣ አንዱ «ወላጆቹ ብፅዓት ስለ ገቡ» ይላል። ሁለተኛዋ «እርሷ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ፣ እርሱ የድኻ ልጅ ስለ ሆነ» ትላለች። ሦስተኛው «መምህሯ ስለ ሆነ ነው» ይል ይሆናል። አንድ መልስ ብቻ የሚጠብቅ መምህር ከእነዚህ ሁለቱን ይጥላል። ማስረጃ የሚጠይቅ መምህር ግን ሦስቱንም ወደ መጽሐፉ ይመልሳቸዋል። የመጀመሪያው ስለ በዛብህ ልጅነት የሚተርከውን ክፍል ይገልጣል፤ ሁለተኛዋ በዲማ ስላለው የፊታውራሪ ቤት የተጻፈውን ታሳያለች፤ ሁለቱም መልሶች ይጸናሉ። የሦስተኛው መልስ፣ የሚደግፈው ገጽ እስኪቀርብለት ድረስ፣ የልጁ አስተያየት እንጂ የመጽሐፉ ቃል አይደለም።

እዚህ ላይ ሌላም ችግር አለ። ይህን ድርሰት ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለ ተረከው፣ ታሪኩን ሳያነቡት የሚያውቁት ብዙዎች ናቸው። ከወላጆቹ የሰማ ልጅ መጽሐፉን ሳይከፍት በትክክል ሊመልስ ይችላል። መልሱ ትክክል መሆኑ ማንበቡን አያረጋግጥም።

ማስረጃ መጠየቅ ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። እንደ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ባሉ የቅኔ መንደሮች የታወቀው ጎጃም፣ ከሰሙ በታች ወርቁን መፈለግን ሲያስተምር ኖሯል። በመጻሕፍት ቤትም መምህሩ «አንድም» እያለ ፍቺን በፍቺ ላይ ሲደርብ፣ ትርጓሜውን በጥቅስ ይደግፋል። ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር አንድ ቃል ከአንድ በላይ ፍቺ ሊኖረው እንደሚችልና እያንዳንዱ ፍቺ መደገፊያ እንደሚሻ ነው። ይሁን እንጂ የአብነት ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙር የሚያጸናው ከመምህሩ የተቀበለውን ትርጓሜ ነው። የዘመናዊው ክፍል ተማሪ ግን ማስረጃው ካለው ከመምህሩ የተለየ መልስ ይዞ ሊረታ ይገባል። መምህሩ ይህን ካልፈቀደ የማስረጃው ጥያቄ ለይስሙላ ይሆናል።

ማስረጃ ማቅረብ ዓረፍተ ነገር መገልበጥ ማለትም አይደለም። ለታችኛው ክፍል የሚሆን ምሳሌ ከቆጋ ይገኛል። «የቆጋ ወንዝ ወደ ግልገል ዓባይ ይፈሳል። ግልገል ዓባይ ጣና ሐይቅ ይገባል።» «ቆጋ ወዴት ይፈሳል?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር መገልበጥ ይበቃል። «የቆጋ ውኃ ጣና ይደርሳልን?» ለሚለው ግን ሁለቱን ማጋጠም ያስፈልጋል፤ መልሱ በአንዳቸውም ብቻውን አልተጻፈምና። ጥያቄ አዘጋጆች የመጀመሪያውን ዓይነት አብዝተው ሁለተኛውን ሲያሳንሱ፣ ልጁ የሚማረው ቃል ማመሳሰልን ብቻ ነው።

ዕቅድ አውጪዎች «ልጆቹ መቼ ማንበብ ቻሉና?» ሊሉ ይችላሉ። ተቃውሞው መሠረት አለው። በ2002 ዓ.ም. በ6 ቋንቋዎች የተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ በርካታ የ2ኛ ክፍል ልጆች አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ነገር ግን የማስረጃ ልማድ ፊደል እስኪጠና ድረስ የሚቆይ አይደለም። መምህሩ ተረት አንብቦ «ቀበሮዋ እንደ ፈራች በምን አወቃችሁ?» ቢል፣ ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ «ስለ ሮጠች» ብሎ ይመልሳል። ተማሪ በበዛበትና መጽሐፍ ባነሰበት ክፍልም ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ሲመልስ ሌላው «በምን ታውቃለህ?» ሊለው፣ መላሹም መስመሩን በጣቱ ሊያሳይ ይችላል። ለዚህ ተጨማሪ ወጪ አያስፈልግም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የፈተናው ነገር ነው። በምርጫ ጥያቄ ፊደል የሚያጠቁር ተማሪ ምክንያቱን አይጠየቅም፤ መምህሩም የማይፈተነውን ለማስተማር አይተጋም። ስለሆነም በክፍል ምዘና ቢያንስ ጥቂት ጥያቄዎች በ2 ነጥብ ቢታረሙ፣ 1ዱ ለመልሱ 1ዱም ለማስረጃው ቢሰጥ፣ የተማሪውም የመምህሩም ትኩረት ወደ ምንባቡ ይመለሳል።

የዛሬው ተማሪ ነገ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የማዳበሪያ ብድር ውልና የፍርድ ቤት መጥሪያ ይቀርብለታል። ሌላ ሰው «እንዲህ ይላል» ብሎ ሲያነብለት፣ አውራ ጣቱን ከማሳረፉ በፊት «የቱ ላይ ነው የሚለው?» ብሎ ለመጠየቅ የሚደፍረው፣ በትምህርት ቤት ሳለ ይህንኑ ሲጠየቅና ሲጠይቅ የኖረ እንደ ሆነ ነው።